ባሏ ጅዳ ነው

ይህ የገጠመኝ የሕክምና ትምህርቴን ለመጨረስ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ ለልምምድ መካነ ሰላም አካባቢ ወዳለ አንድ ሆስፒታል በተመደብኩበት ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ በሽተኞች አይቻለሁ። ያንን ከሰዓት በኋላ ግን መርሳት አልቻልኩም። አንዲት ሴት ለጥያቄዬ መልስ እስክትሰጠኝ ስጠብቅ፣ እጄ ላይ የምትሞትብኝ መስሎኝ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እኔና አንዲት ነርስ ብቻ ነበርን። የሚቆጣጠረኝ ሐኪም ምጥ የጠናባትን ሴት በኦፕራሲዮን ሊያዋልድ ገብቷል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጀነሬተሩ የሚሠራው ለኦፕራሲዮን ክፍሉ ብቻ ነው።

ሰዓዳን ከወግዲ በኩል ከመጣ ሚኒባስ አውርደው ደግፈው አስገቧት። ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ልጅ ናት። ከንፈሯ ነጥቷል፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ተጣጥፋለች። አብረዋት የመጡት አማቷ እማማ ዘይነባ ናቸው። ፈርጠም ያሉ፣ ሲናገሩ የማያመነቱ ሴት ናቸው። ከአልጋው አጠገብ ቆመው ንቅንቅ አላሉም።

«ጨጓራዋ ነው» አሉኝ። «ጠዋት ደጅ ወጣ ስትል ወደቀች።»

የደም ግፊቷ ዝቅ ብሏል። የልብ ምቷ ይሮጣል። ከእምብርቷ በታች ገና ነካ ሳደርጋት እጄን ገፋችው። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት እንዲህ ሆና ስትመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከማህፀን ውጪ የያዘ ፅንስ ነው። ያ ከፈነዳ ደሟ እዚያው ሆዷ ውስጥ ፈሶ ያልቃል።

«የወር አበባሽ የመጣው መቼ ነበር?» አልኳት።

ሰዓዳ አማቷን አየች። የመለሱልኝም እሳቸው ናቸው።

«ባሏ ጅዳ ነው፣ ዶክተር። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ይሄን ምን ብለሽ ትጠይቂያታለሽ?»

ግሉኮስ ከተከልንላት በኋላ ለምርመራ ሽንት እንድትሰጠን ጠየቅናት። «አልመጣልኝም» አለች። አልትራሳውንዱ ያለ መብራት አይሠራም። ነርሷን ወደ ሐኪሙ ላክኋት። ተመልሳ፣ «ፅንስ መሆኑን ካረጋገጠች የያዝኳትን እንደጨረስኩ እዚሁ አስገባታለሁ፤ ካልሆነ ግን እኔ የምችለው ላይሆን ስለሚችል ወደ ደሴ ትላክ ብሏል» አለችኝ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ መንገድ፣ እንደዚያ ሆና ደሴ በሕይወት እንደማትደርስ አውቃለሁ።

ስለዚህ ሁሉም ነገር በእሷ መልስ ላይ ወደቀ። አማቷ ፊት ደግሞ አትመልስም።

«እማማ፣ ትንሽ ውጭ ይቆዩልን» ብላቸው፣ «እኔ እናቷ ነኝ፤ የት ነው የምሄደው?» አሉ። እውነት የሆነ ምክንያት ፈለግሁ። «ደም ያስፈልጋት ይሆናል። የእርስዎ ደም ይሆናት እንደሆነ ላቦራቶሪ ሄደው ይታዩልኝ» አልኳቸው። ለዚህ አላመነቱም። ከነርሷ ጋር ወጡ።

መጋረጃውን ስቤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን በሽተኛን ስለማነጋገር ተምረናል። እርስ በርስ ሐኪምና በሽተኛ እየሆንን እንለማመድ ነበር። አንዴ አስተማሪያችን እኔን አስቁማ፣ «አንቺ ጠይቀሽ መልሱንም አንቺው ትሰጫለሽ። ጠይቂና አፍሽን ያዢ» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እዚያ ዝም ማለት ቀላል ነበር። በሽተኛ ሆና የምትጫወተው ጓደኛዬ ደም አይፈሳትም።

«ሰዓዳ፣ የምትነግሪኝን ከሚያክሙሽ ሰዎች በቀር ማንም አይሰማውም» አልኳት። «እርጉዝ ልትሆኚ ትችያለሽ?»

ዓይኗን ጨፈነች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አይዞሽ፣ አትፈሪ፣ እኔ አልፈርድብሽም፣ ብቻ የሆነ ነገር ልላት ምላሴ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። የእጇን አንጓ እንደያዝኩ ጠበቅሁ። ምቷ ከጣቶቼ ሥር እየቀጠነ ሲሄድ ይሰማኛል። አማቷ በማንኛውም ሰዓት መጋረጃውን ሊገልጡት ይችላሉ።

«ወላሂ ከባሌ በቀር ወንድ አላውቅም» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ባሏ ጅዳ ነው ተብዬ የለ? ራሷን እየሳተች የምትቃዥ መሰለኝ። ግን እንዴት ሆኖ አላልኳትም። «እሺ» ብቻ አልኳት።

ከዚያ በኋላ እየቆራረጠች ነገረችኝ። ባሏ ጀማል ጅዳ ውስጥ ተይዞ፣ ታስሮ፣ ባዶ እጁን ተባሯል። ደሴ ሲደርስ በስልክ ጠራት። ለዓይን ሕክምና ብላ ሄዳ ጥቂት ቀን አብራው ሰነበተች። እናቱ ጓዳቸውን አራግፈው ነበር የላኩት፤ በዚያ ሁኔታ ፊታቸው ለመቆም አፈረ። ወደ ቤት ሳይመጣ እንደገና በድብቅ በጀልባ፣ በባሕሩ መንገድ ወደ ጅዳ ወጣ። ከወጣ ወዲህ አልደወለም።

«ለእማ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል» አለችኝ። «የወር አበባዬ ከቀረ ሁለተኛ ወሬ ነው። አሁን ብናገር እሱን አጋለጥኩት። ዝም ብል እኔ ሸርሙጣ ተባልኩ።»

ሮጥኩ። ሐኪሙ የያዛትን ጨርሶ ኖሮ፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ሰምቶኝ፣ «አምጧት» አለ። ስመለስ የሚደረግላትን አስረዳኋት፤ ፈቃዷን ራሷ ፈረመች። ለአማቷ ልንገራቸው ወይ ስላት በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። «ከዳንኩ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አልጋዋን ስንገፋ እማማ ዘይነባ ክንዳቸውን በጥጥ ይዘው ከላቦራቶሪ መጡ።

«ደሜ ይሆናታል አሉኝ። ምኗ ነው?»

«ሆዷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም።»

«ከምን የመጣ ደም?»

«ስትነቃ እሷ ትነግርዎታለች፣ እማማ። እኔ እንድናገር አልፈቀደችልኝም።»

ፊታቸው ጠቆረ። «አራት የወለድኩ ሴት ነኝ፣ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የማላውቅ አይምሰልሽ።»

ጥለዋት የሚሄዱ መሰለኝ፤ ቢሄዱ ደግሞ ሌላ ደም የሚሰጣት ሰው አልነበረም። የመውጫውን በር አዩ፣ ከዚያ ሰዓዳን ገፍተው የወሰዱበትን ኮሪደር አዩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ቅጂ» አሉኝ። «ሌላው ሌላ ጊዜ ይሆናል። አሁን ትትረፍ።»

ፅንሱ የያዘበት የማህፀን ቱቦ ፈንድቶ ነበር። ሐኪሙ ደሙን አቆመው፤ ሰዓዳ በአማቷ ደም ተረፈች።

በማግስቱ አስጠራችኝ። ስትነግራቸው አጠገቧ እንድቆምላት ፈልጋ ነው። ግድግዳውን እያየች ሁሉንም ነገረቻቸው። እማማ ዘይነባ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ስለ ፅንሱ አልጠየቁም።

«ደሴ ነበር?» አሉ። «ልጄ ደሴ ድረስ መጥቶ?»

ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

«ባዶ እጁን ቢመጣስ» አሉ። «እኔ እጁን ነው ወይ የማየው?» ከዚያ ጎንበስ ብለው የሰዓዳን ግንባር ሳሙ። «አብሽሪ፣ ልጄ» አሏት።

የወጡ ዕለት እማማ ዘይነባ በር ላይ አስቆሙኝ። «አንቺ ሰው ማናገር ታውቂያለሽ» አሉኝ። «ጀማል ሲደውል ምን ብዬ ልጀምርለት? ደሴ መምጣትህን አውቃለሁ ካልኩት አፍሮ ይዘጋብኛል። አላውቅም ካልኩት ደግሞ ናልኝ ልለው አልችልም።»

«አላውቅም፣ እማማ» አልኳቸው። እጄን ጨብጠው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

አሁን ሐኪም ሆኛለሁ። ሰዓዳ በመዳኗ ዛሬም ደስ ይለኛል። የባሕሩን መንገድ ወሬ በሰማሁ ቁጥር ግን ጀማልን አስባለሁ። ለእማማ ዘይነባ ጥያቄ መልስ እስካሁን አላገኘሁም። ብቻ ጀማል ደውሎ፣ እናቱ የሚሉትን ሲያጡ በስልክ ሰምቶ፣ ባዶ እጁንም ቢሆን እንደሚፈልጉት ገብቶት እንዲሆን እመኛለሁ።