አሥራ አንደኛው ረድፍ

እናቴ በዚያ ዓመት ሌባ ነበረች። ቢያንስ እኔ ፈርጄባት ነበር። የምትሰርቀው ስኳር ነው፤ ያውም ከራሷ ቤት፣ ከራሷ ቁም ሳጥን።

የስኳር በሽታ አለባት። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ከመውጋቷ በፊት ጣቷን ጠቅ አድርጋ መለኪያው ያሳያትን ቁጥር ደብተር ላይ ትጽፋለች። ጡረታ የወጣች የልብስ ስፌት አስተማሪ ናትና ደብተሩም እንደ ስፌቷ ጥንቅቅ ያለ ነው። ለዓመታት ቁጥሯ ልኩን ይዞ ኖረ። ጥቅምት ላይ ግን መውጣት ጀመረ። ሁለት መቶ ሃያ። ሁለት መቶ ስድሳ። ሦስት መቶ አሥር።

"ምን በልተሽ ነው?" እላታለሁ።

"አንቺ ያየሽውን ብቻ።"

"እማዬ፣ ቁጥር አይዋሽም እኮ።"

ማሽን ያሳየውን ነገር የማምን ሰው ነበርኩ። እንጀራዬም ከዚያው ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር። የምሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ባለ መስታወት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ መድኃኒት ከውጭ በሚያስገባ አንድ ድርጅት ውስጥ ነበር። ከተማው ሁሉ የሚቆፈርበትና የሚገነባበት ጊዜ ነው፤ ከመስኮቴ የሚታዩኝን ክሬኖች ቆጥሬ ሳልጨርስ ሌላ ይተከላል። መጋዘናችን ግን ሩቅ ነው፤ ከላምበረት ወዲያ፣ ትናንት ጤፍ ይታጨድበት የነበረ መሬት ላይ። እዚያ መድኃኒት የሚቀመጥባቸው ቀዝቃዛ ክፍሎች አሉ። የእኔ ሥራ ቦሌ ተቀምጬ የእነዚያን ክፍሎች ሙቀት መከታተል ነበር።

የመከታተያው ፕሮግራም ያለው ቨርቿል ማሽን ላይ ነው። የሚዳሰስ ኮምፒውተር አይደለም። መጋዘኑ ውስጥ ባለው ትልቅ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር የተፈጠረ፣ የራሱ ኪቦርድም ስክሪንም የሌለው ኮምፒውተር ነው። ከቦሌ ሆኜ በሪሞት ስገባበት የእኔ ስክሪን የእሱ ይሆናል። ስክሪኑ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወሰነው ደግሞ ከመገናኘታችን በፊት ነው፤ ግራና ቀኝ የምትጎተት አንዲት ምልክት አለች። ወደ ቀኝ ስትጎተት ስክሪኑ ብዙ ነገር ይይዛል፤ ፊደሉ ግን ይደቃል። ወደ ግራ ስትጎተት ፊደሉ ይተልቃል፤ የሚታየው ግን ያንሳል። ሪዞሉሽን የሚሉት ይኼንኑ ነው።

አለቃችን ዓይናቸው ደክሟል። መነጽር ግን ያስረጀኛል ብለው እምቢ አሉ። በየጠዋቱ ቡናቸውን ይዘው ከጀርባዬ ይቆሙና "ይኼ ፊደል ነው ጉንዳን?" ይሉኛል። አንድ ቀን ሰለቸኝና ምልክቷን እስከ ግራ ጥግ ጎተትኳት። ፊደሉ ተለቀ፣ ደካማው ኢንተርኔታችንም ቀለል አለው፣ እሳቸውም "አሁን ገና ሠራሽ!" አሉኝ። ያን ጊዜ ክፍሎቹ አሥር ነበሩ። አሥሩ ረድፍ ስክሪኑን እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ ሞላው፤ ሁሉም አረንጓዴ። ከዚያ በኋላ ምልክቷን አልነካኋትም።

ሥራው ሲሰፋ ሁለት ክፍል ተጨመረ። የሙቀት መለኪያቸውን የገጠመው ባለሙያ ከመጋዘን ደወለልኝ። "አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ገብተዋል። ይታዩሻል?" አለኝ። ስክሪኑን አየሁት፤ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። "ይታዩኛል" አልኩት። አልቆጠርኩም።

በየቀኑ የምሞላው ፎርም ነበር። እሱ ላይ ሁለት ረድፍ ጨመርኩ። አሞላሌም እንደ ማንኛውም የቢሮ ሰው ነው፤ አንደኛው ረድፍ ላይ "ደህና" ብዬ እጽፍና ከዚያ እስከ መጨረሻው በእስክሪብቶ አንድ ረጅም መስመር ወደ ታች አሰምራለሁ። እፈርማለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፣ ስካን አድርጌ ወደ መጋዘን እልካለሁ። ያለዚያ ወረቀት ከመጋዘኑ አንዲት ካርቶን አትወጣም። ፎርሙ አሥራ ሁለት ረድፍ ነበረው። ስክሪኔ ላይ የሚታየው አሥር ነበር።

ኢንሱሊኑ ወደ አሥራ አንድ ቁጥር ተዛወረ። እናቴ የምትወጋው ያንኑ ነው፤ ሕንፃችን ሥር ያለው ፋርማሲ የሚረከበው ከእኛ ነበር። ስገዛላት "ይኼ በእኔ ዓይን ሥር ያለፈ ነው፤ ያለ ሥጋት ተወጊ" እላታለሁ። እሷም በኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ላገኘችው ሁሉ ይኼንኑ እያወራች ትኮራብኝ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ የመጋዘኑ ኃላፊ ደወሉልኝ። እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው፤ መጋዘኑ የቆመበት መሬት ቀድሞ የአባታቸው ማሳ ነበር።

"ልጄ፣ አሥራ አንድ ቁጥር ውስጥ ካርቶኖቹ ላይ ውርጭ አያለሁ።"

"እትዬ፣ ማቀዝቀዣ አይደል እንዴ? ውርጭ ካልያዘ ምን ሊይዝ ነው?" ብዬ ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። "እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ውርጭ ያደረበት ባቄላ ጠዋት ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። የሚጠቁረው ፀሐይ ሲነካው ነው።"

"ስክሪኑ ግን ደህና ነው የሚለው።"

"ወረቀቱን ልከሻል?"

"ልኬያለሁ።"

"ማኅተም አለው?"

"እንዴታ!"

"እንግዲህ ማኅተም ካለው ላውጣ" አሉና ዘጉት።

የሁላችንም ፍርሃት ሙቀት ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ስለ ጄኔሬተሩ እንጯጯሃለን። ወደ ስልካችን የሚመጣው ማስጠንቀቂያም የተስተካከለው ክፍሉ ሲሞቅ ብቻ እንዲልክ ነው። ቅዝቃዜን የፈራ ሰው አልነበረም። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ፣ በኋላ ቢቀልጥም መድኃኒት እንደማይሆን ፋርማሲስት ሁሉ ያውቃል። እኔ የማውቀው አረንጓዴውን ነበር።

እናቴ ቀድማኝ አይታለች። አንድ ማለዳ ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ ይዛ ጠራችኝ።

"ይኼ ነገር ልክ አይደለም። በመዳፌ ባሽከረክረውም መስታወቱ ላይ እንደ ዱቄት ይለጠፋል።"

"ሰበብ አትፈልጊ እማዬ።"

"ነይና እዪው እንጂ።"

አላየሁትም። ሰርቪስ እያመለጠኝ ነበር።

ሐኪም ቤት ይዣት ስሄድ ዶክተሩ ደብተሯን አገላብጦ "ጣፋጭ ነገር ይበላሉ እንዴ እናቴ?" ብሎ ጠየቃት። አፏን ሳትከፍት እኔ "ትበላለች" አልኩ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝና መሬት መሬቱን አየች። መጠኑን ጨምሮ ሰደደን፤ የተጨመረውም ያው መድኃኒት ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ፖሊስ ሆንኩ። የእጅ ቦርሳዋን እበረብራለሁ። ጎረቤቶችን "ሻይ ስትጠጣ ስኳር እንዳትሰጧት" ብዬ አስጠነቀቅኩ፤ ያቺን ኩሩ ሴት በሰፈሩ ሁሉ አዋረድኳት። የስኳር ጣሳው ያለበትን ቁም ሳጥን ቆለፍኩና ቁልፉን በቦርሳዬ ይዤ ቦሌ መሄድ ጀመርኩ። እኔ እንደሆነ ቤት ውስጥ ሻይ ከጠጣሁ ቆይቻለሁ። ቁጥሩ ግን ወጣ። ውኃ እየጠጣች አትረካም። ከሳች። የግራ እግሯ አውራ ጣት ላይ ጫማ የላጣት ትንሽ ቁስል አልድን አለች፤ ሳምንት ቆይታ ጠርዟ ጠቆረ።

ኅዳር ላይ አለቃዬ ለሥራ ወደ ውጭ ሄዱ። ከጀርባዬ የሚቆም ሰው ስለሌለ ፊደሉን ወደ ልኩ ልመልሰው ብዬ ምልክቷን እስከ ቀኝ ጥግ ጎተትኳት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ዘገየ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ። ፊደሉ ደቃቅ ነው። አሥሩ አረንጓዴ ረድፎች ወደ ላይ ተሰብስበዋል። ከእነሱ በታች ሁለት ረድፍ ነበር።

አሥራ ሁለት አረንጓዴ ነው። አሥራ አንድ ሰማያዊ። ፕሮግራሙ ሰማያዊ ቀለም እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ከዜሮ በታች አምስት ይላል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ልይ ብዬ በመዝገቡ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ሰማያዊው በኅዳር አለ፣ በጥቅምት አለ፣ እትዬ የደወሉልኝ ቀን አለ፣ ከዚያም በፊት አለ። የሞላኋቸውን ፎርሞች አወጣሁ። በእያንዳንዱ ላይ የእኔ መስመር ቀጥ ብሎ በአሥራ አንድ ላይ ያልፋል።

ስልክ አነሳሁ። "እትዬ፣ ቶሎ ይበሉ፣ አሥራ አንድን ይዝጉት! ምንም እንዳይወጣ።"

"ምን ቀርቶ ልጄ? ባዶ ነው እኮ። ሁሉንም በወረቀትሽ አወጣሁት።"

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝና መጀመሪያ የጠየቁኝ "ሌላ ማን ያውቃል?" የሚለውን ነበር። ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣብኝ። ለፋርማሲዎቹ ሁሉ እኔው ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አድራሻቸው ገጽ ሞልቶ ያልፋል፣ ክፍለ ሀገርም አለበት። የተመለሰው ካርቶን ጥቂት ነው። ቀሪው በየሰዉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር፤ እዚያም ቤት እንደ እኔ የምትቆጣ ልጅ እንዳለች አሰብኩ።

ሰማያዊውን ባየሁበት ቀን፣ ከሰዓት በፊት፣ ከሌላ ድርጅት የገባ ኢንሱሊን ገዝቼ ኮንትራት ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ተቆፍሮ መኪናው አይንቀሳቀስም። እቤት ስደርስ እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል፣ መለኪያው ጭኗ ላይ ነው። ጣቶቿ ሁሉ ተወግተው አብጠዋል።

"ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም" አለችኝ። "ምንም ካልበላሁ ይወርዳል፣ ከወረደ ታምኚኛለሽ ብዬ ነበር። አልወርድ አለ እኮ፣ ልጄ።"

እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ከጎረቤቶች ጋር ተሸክመናት ወረድን። ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኛች። ቁጥሩ በሦስተኛው ቀን ወረደ። ከግራ እግሯ ግን ሁለት ጣት ተቆረጠ።

እቤት በተመለሰች ማግሥት ሁሉንም ነገርኳት፤ ስክሪኑን፣ ረድፉን፣ መስመሩን። ጨርሼ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩት። መልሳ ሰጠችኝ።

"አንቺው ክፈቺው" አለች።

ከፈትኩት። የስኳሩ ጣሳ እንደ ነበረ ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ሳነሳው ቀለለኝ። ክዳኑን ከፈትኩ፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ውስጡ ንጹሕ ነው።

"ቁጥሩ መውጣት እንደ ጀመረ ነው ስኳሯን ለጎረቤት የሰጠኋት" አለች እናቴ፣ የታሰረ እግሯን እያስተካከለች። "ስትቆልፊው ዝም ያልኩት፣ አንዴ እንኳ ከፍተሽ ታዪዋለሽ ብዬ ነው።"