አራተኛ ክፍል የሳለው ካርታ

መምህሩ የወጣለትን ቅጽል ስም የሰማው እራት ላይ ነው፤ ያውም ከገዛ ልጁ አፍ።

“አባዬ፣ አራተኛ ክፍሎች ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ?”

“ምን ይሉኛል?”

“ትራስ።”

ሚስቱን የጠጣችው ውሃ ትን አላት። እሱ ነገሩ ስለ ውፍረቱ መሰለውና ሆዱን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

“ኧረ ለሱ አይደለም” አለች ልጁ። “ኅብረተሰብ ስታስተምር ሁሉም ይተኛላ!”

እውነት ለመናገር በልጆቹ አይፈረድም። ሰውየው ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ከፍ አይል፣ ዝቅ አይል። የጎረቤት ሕፃን አልተኛ ሲል እናትየው ይዛው ትመጣና “እስቲ ትንሽ አውራለት” ትለው ነበር። ክፍል ውስጥም ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፣ ያነባል፣ ያስገለብጣል። ከኋላ ወንበር ያሉት ዴስኩ ላይ ድፍት ሲሉ ጠልቀው እያሰቡ ይመስለው ነበር።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት። ሳህኖቹን እያነሳሳች፣ “እኔ ጋ ሴቶቹ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጠው ግማሽ ቀን ይውላሉ” አለችው። “አንዷም አታንቀላፋም። ለምን ይመስልሃል?”

“ከሙቀቱ?”

“ሙቀትማ ያስተኛል! የሚወራው ስለሚያውቁት ሰው ስለሆነ ነው። አንተ ዓመቱን ሙሉ አይተውት ስለማያውቁት ተራራ ታወራለህ።”

ነገሩ ከነከነው። በማግሥቱ የደረሱበት ምዕራፍ ስለ ካርታ ነበር። “ካርታ ማለት የመሬት ገጽታ…” ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ መጽሐፉን ዘጋው።

“ተነሱ፣ እንውጣ።”

ግማሾቹ ከእንቅልፋቸው ባንነው፣ የተደወለ መስሏቸው ቦርሳቸውን አነገቱ።

“የትምህርት ቤታችንን ካርታ ልንሠራ ነው” አላቸው። “የምታዩትን ሁሉ እንዳለ አስቀምጡ።” ጉዱን ሁሉ ያፈላችው ይቺ “እንዳለ” የምትለው ቃል ናት።

መጀመሪያ ግቢውን በእግር መለካት ነበረባቸው። ግን በማን እግር? በክፍሉ ረጅሙ ልጅ እግር ሲለካ ሜዳው ያንሳል። አፏ ስለማያርፍ “ሬዲዮ” በሚሏት ልጅ እግር ሲለካ ደግሞ ያው ሜዳ እጥፍ ይሆናል። “አጭበርባሪ!” “አንተ ነህ አጭበርባሪ!” ሊቧቀሱ ሲደርሱ መምህሩ የራሱን ጫማ ለመለኪያ አቀረበ። ተረከዙን ካውራ ጣቱ እያስነካ፣ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ግቢውን ሲዞር ክፍሉ በሙሉ ከኋላው እየጮኸ ይቆጥርለታል። የጽዳት ሠራተኞቹ መጥረጊያቸውን ተደግፈው አዩት። እንዲህ ሆኖ ስለ ወጥ መለኪያ ሳያስበው አስተማረ።

ቀጥሎ ካርታው ጥግ ላይ የምልክቶቹን ትርጉም የሚናገረው ሳጥን መጣ።

“ቲቸር” አለች ሬዲዮ፣ “ዘበኛው የሚሳሉት በሩ ላይ ነው ወይስ የሚተኙበት ዛፍ ሥር?”

መምህሩ ሳል ያዘው።

“እንዳለ ብለዋል’ኮ።”

“ብያለሁ…”

ዛፉ ሥር የተጨፈነ ዓይን ተሳለ። ውሃ የማያውቀው ቧንቧ ላይ የእንባ ጠብታ ተደረገ። መምህራን ማረፊያ የሻይ ብርጭቆ፣ የርዕሰ መምህሯ ቢሮ የተጠመዘዘ ጆሮ ደረሰው። የገዛ ክፍላቸው ላይ ትራስ ሲያይ እንዳላየ አለፈ። ከመጸዳጃ ቤቶቹ መካከል ደግሞ ቁልፍ የተሳለበት የመጨረሻው ብቻ ነበር፤ ትርጉሙም “በሩ የሚዘጋ”።

የአጥሩ ቀዳዳ ግን ክፍሉን ለሁለት ከፈለው። “ከሳልነው ይደፍኑታል፣ ስናረፍድ በየት እንገባለን?” አሉ እነዚህ። “ካልሳልነውማ የውሸት ካርታ ነው!” አሉ እነዚያ። እጅ ተቆጠረ፤ እውነት በጥቂት ድምፅ ብልጫ አሸነፈች፤ ረጅሙ ልጅ ቀዳዳውን እያለቀሰ ሳለው።

ካርታው የክፍሉ ውጭ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ እረፍት የወጣው ተማሪ ሁሉ ከበበው። ዘበኛውም መጡ።

“ይሄ ዓይን ምንድን ነው?”

“እንቅልፍ ነው፣ አባባ” አለች ሬዲዮ።

“እኔ ዓይኔን የምጨፍነው ጆሮዬ በደንብ እንዲሰማ ነው!” ብለው ተቆጥተው ሄዱ።

ርዕሰ መምህሯ ደግሞ ጆሮው ፊት ቆማ ቀላች። “ነገ ጠዋት ከወረዳ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ከዚያ በፊት ይነሳልኝ!”

በማግሥቱ መምህሩ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ሬዲዮ ወንበሩን ይዛ እየተነጫነጨችበት፣ ካርታውን ሊነቅል ሲል ሱፐርቫይዘሩ ከርዕሰ መምህሯ ጋር ብቅ አለ። ግዙፍ ሰው ነው፤ በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ ነው የመጣው። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሰም።

“ይቅርታ፣ መጸዳጃ ቤት…?”

“ከጀርባ ነው፣ የፈለጉት ውስጥ ይግቡ” አለች ርዕሰ መምህሯ።

“ኧረ አይሆንም!” ሬዲዮ ወንበሩን ለቃ ካርታው ላይ ጠቆመች፤ መምህሩ ከነወንበሩ ተወዛወዘ። “ጋሼ፣ መጨረሻው ውስጥ ይግቡ። ሌሎቹ አይዘጉም። ሁለተኛው ይዘጋል ግን አይከፈትም።”

ሱፐርቫይዘሩ ካርታውን በዓይኑ ላፍ አድርጎ በሩጫ ተሰወረ።

ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ካርታው ፊት ቆሞ ምልክቶቹን ተራ በተራ አነበበ፤ ጆሮው ጋ ሲደርስ ርዕሰ መምህሯን በጎን አየት አደረጋት። ከዚያ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

“ካርታው ትክክል ነው” አለ፣ እንባውን እየጠረገ። “በአካል አረጋግጫለሁ። ይልቅ ሌሎቹ በሮች መቼ ነው የሚሠሩት?”

“በዚህ ሳምንት” አለች ርዕሰ መምህሯ፣ ከመምህሩ በለሰለሰ ድምፅ።

አናጢው መጣ፣ በሮቹ ተሠሩ፣ ቀዳዳውም እንደተፈራው ተደፈነ። ዘበኛው ዓይናቸው እንዲገለጥላቸው አመለከቱ። ክፍሉ ታዛቢ ልኮ አስጠናና አንዱ ዓይን ብቻ እንዲገለጥ ወሰነ። ርዕሰ መምህሯ ጆሮው በአበባ እንዲቀየር ጠይቃ በድምፅ ተሸነፈች። ጆሮው እንዲቃና ግን ተስማሙላት።

መምህሩ ወሬውን ቤት ይዞ ሲሮጥ ሚስቱ ቀድማ ሰምታዋለች፤ እንደ እሷ አባባል ሱፐርቫይዘሩ ሁለተኛው በር ተቆልፎበት በእሳት አደጋ ሠራተኞች ነው የወጣው።

“ኧረ እንደሱ አይደለም!”

“ተወው፣ ደንበኞቼ እንደዚህ ነው የወደዱት።”

ሰኞ አዲስ ምዕራፍ ተጀመረ፤ የአየር ሁኔታ። መጽሐፉን ገና ከመክፈቱ ሬዲዮ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ ጣሪያ ላይ መውጣት ይቻላል?”

“አይቻልም” አለ ቆጣ ብሎ። ትንሽ አሰበና፣ “ሜዳው ይበቃናል። ለመሆኑ ጃንጥላ ያለው ማነው?”

ከኋላ ወንበር ሳይቀር እጅ ተነሳ። ውጭ አንዲት ደመና እንኳ አልነበረችም።