የሳይን ሰንጠረዥ ስታነብልኝ

ባለቤቴ ያገባችኝ በመጽሐፍ እጥረት ነው። ቀልዴን አይደለም። መሐል ሜዳ ከተማ እኔ ሒሳብ፣ እሷ ፊዚክስ ስናስተምር፣ ትምህርት ቤቱ የነበረው የሒሳብ ሰንጠረዥ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር። የሳይኑን፣ የኮሳይኑን፣ የሎጋሪዝሙን ዋጋ ደርድሮ የያዘ፣ ከዳር እስከ ዳር ቁጥር ብቻ የሆነ መጽሐፍ። የጓሳ ሣር ለአጨዳ እስኪከፈት ድረስ እንደሚጠበቀው ሁሉ፣ እሱም መምህራን ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይጠበቅ ነበር፤ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል። ስለዚህ ማታ ማታ ተማሪው ሲበተን እዚያው እንቀመጥና እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለተኛ ቅጂ ቢገዙልን ኖሮ ይኸኔ ላጤ ሆኜ አርጅቼ ነበር።

የቄስ ልጅ ናት። ቁጥር የምታነበው አባቷ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያነቡት በዜማ ነበር። የበግ ፀጉር ባናዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጣቷን በዓምዱ ላይ ቁልቁል እያወረደች፣ «ዜሮ ነጥብ ስድስት፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ስምንት» ስትል መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። እኔ እርሳሴን ይዤ አፌን ከፍቼ አያታለሁ።

«ጻፍ እንጂ! ፊቴ ላይ ነው እንዴ ሳይኑ?»

«አልሰማሁም፤ ድገሚልኝ።»

«ጆሮህን ለሐኪም አሳይ!» ትለኛለች። ግን ትደግምልኛለች።

በሁለት መስመር መካከል የሚወድቀውን ቁጥር መጽሐፉ አይሰጥም፤ ከላይና ከታች ያሉትን አይቶ ማስላት ነው። እሱን እሷ በቃሏ አስባ ከእኔ ቀድማ ትናገራለች። የሒሳብ መምህሩ እንግዲህ እኔ ነኝ።

እሷ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያነብልኝ ራዲዮ ብቻ ነው። ዜናውን አንብቦ ሲያበቃ እንኳ ቀና ብሎ አያየኝም። ሰው የሚስቱን ቀሚስ፣ የሚስቱን መስቀል አቅፎ ይናፍቃል፤ እኔን ደግሞ የሚያስናፍቀኝ የሳይን ሰንጠረዥ ሆነ። ለጅል ሰው ናፍቆቱም እንደራሱ ነው።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ፣ የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ የጥንት ተማሪዬ፣ ገበያ ላይ አገኘኝና የማያገለግሉ መጻሕፍት ሊወገዱ መሆኑን ነገረኝ። ከሚወገደው የፈለገ ሰው መውሰድ ይችላል። ልቤ እንደ ጎረምሳ ዘለለ። ጣቷ የተመላለሰበት መጽሐፍ ቤቴ ሊገባ ነው! በማግስቱ ጢሜን ተላጭቼ ሄድኩ። መጽሐፍ ሊወስድ ሲሄድ ጢሙን የሚላጭ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

መጋዘኑ ውስጥ ያ ተማሪዬና አንዲት ወጣት የሒሳብ መምህርት መጻሕፍቱን በሁለት ይከምራሉ፤ የሚቀረውን ወዲህ፣ የሚወገደውን ወዲያ። የምትወስነው እሷ ናት። እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው?

መጽሐፉ እጇ ገባ። ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ይሄማ ምን ያደርጋል? ስልክ እያለ!» ብላ ከሚወገደው ላይ ጣለችው።

አለቀ፤ የእኔ ሆነ። የቀረኝ ተነሥቶ ማንሣት ብቻ ነበር። ግን ይህ ምላሴ! ምን ያደርጋል ስትል ባለቤቴን የሰደበችብኝ መሰለኝ።

«እስቲ ልጄ፣ የሰባ ዲግሪ ሳይን ስንት ነው ብለሽ ስልክሽን ጠይቂው።»

ነካ ነካ አደረገችው። «ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ሦስት ዘጠኝ... ኧረ ብዙ ነው፣ ጋሼ! የእርስዎ መጽሐፍ አራት አሃዝ ብቻ ነው ያለው።»

«እሰይ። የሰባ ጎረቤቶችስ?»

«እነሱንም ልጠይቀው?»

«አየሽ፣ እሱ የጠየቅሽውን ብቻ መልሶ ዝም ይላል። መጽሐፉ ግን አንዱን ስትፈልጊ መንደሩን ሁሉ ያሳይሻል። እስቲ ከዜሮ ዲግሪ ጀምረሽ በጣትሽ ቁልቁል ውረጂ።»

ሽማግሌ ላለማስቀየም ብላ አነሣችው። ጣቷ ሲወርድ ፊቷ ተለወጠ።

«መጀመሪያ ላይ በትልልቁ ነው የሚራመደው... እዚህ ጋ ቀነስ አለ... ኧረ! ወደ ዘጠና ሲጠጋ እየተንፏቀቀ ነው እኮ!»

«ዳገቱን ሊጨርስ እንደተቃረበ ሽማግሌ» አልኳት። «እኔን አይተሽ ማስተማር ትችያለሽ።»

ሳቀች። «ልጆቹ እኮ ቀመሩን ይሸመድዱታል እንጂ ይሄን አያዩትም። በቃ፣ ይሄ ይቀራል! ክፍል ይዤው ነው የምገባው።» ከሚቀረው ክምር ላይ አስቀመጠችው።

በሕይወቴ አንድ ክርክር በደንብ ባሸንፍ፣ ያሸነፍኩት ራሴን ሆኖ ተገኘ።

ተማሪዬ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ ለራስዎ ፈልገውት ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ለእኔማ ምን ያደርግልኛል? በየቀኑ ስደምር ስቀንስ የምውል መሰለህ?»

አላመነኝም። ዕቃው ሁሉ ተለይቶ ሲያልቅ «መደርደሪያው ላይ እኔ ላስቀምጠው» ብዬ መጽሐፉን ተቀበልኳት። ጠርዙ በጣት ብዛት ጠቁሯል፤ የትኛው የእሷ፣ የትኛው የሌላ ሰው እንደሆነ የሚለይ የለም። ከሌሎቹ መካከል አስገባሁት፤ እጄ ግን ቶሎ አልለቅ አለኝ። ተማሪዬ በሩን መቆለፍ ነበረበት። ቁልፉ የጠፋበት አስመስሎ ኪሱን እየዳበሰ ፊቱን አዞረልኝ።