እኔ እቀራለሁ

የአዲስ ላስቲክ ጫማ ሽታ ደሜን ያፈላዋል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ጀርመን፣ ጻይልስሃይም ያለውን የድሮ ቤታችንን ምድር ቤት ባዶ ሳደርግ፣ ከአባቴ የመፍቻ ሳጥን ሥር በፌስታል ጥብቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ቋጠሮውን ስፈታው ያ ሽታ ወጣ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ! ሰማያዊ፣ እግር ሲገባበት አሳልፎ የሚያሳይ፣ ዘለበቱ እንኳ ተከፍቶ የማያውቅ የሴት ጫማ ነው። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ተሳደብኩ።

እናቴ ያንን ጫማ የገዛችው ባሕር ልትገባበት ነበር። ያደገችው አሰብ ነው፤ አባቷ ወደብ ላይ ይሠሩ ነበር። ከዚያ ከወጣች በኋላ ባሕር በዓይኗ አላየችም። ጻይልስሃይም ነፋሱ ከፋብሪካው በኩል ሲመጣ ቤታችን የሚገባው የኬሚካል ሽታ ነው። እሷ ግን አንዳንድ ቀን ሰሃን እያጠበች ድንገት ቀና ትልና «አሁን ጨው ጨው አልሸተታችሁም?» ትለን ነበር። ማናችንንም አይሸተንም ነበር።

ቬስትኤንድ በሚባለው ሰፈር የምታጸዳው ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ነበር። አንድ ወር ላይ የሰሜን ባሕር ዳርቻ ፎቶ ወጣ፤ ወፍ የሞላበት፣ የተከለለ ብሔራዊ ፓርክ። ወሩ አልቆ ገጹ ሲገለበጥ ለምና ወሰደችውና ፍሪጃችን ላይ ለጠፈችው። ከዚያ አባቴን ስትነዘንዝ ከረመች። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል ነበር የሚሠራው፤ «ኡርላውቤን ለውሃ ልጨርሰው?» እያለ፣ የዓመት ፈቃዱን ማለቱ ነው፣ ሲያሾፍባት ቆይቶ በመጨረሻ እሺ አለ። ቅዳሜ በጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን።

ዕቅዱ ሁሉ የእሷ ነበር። ሳንቡሳው፣ ሻዩ፣ ትርፍ ካልሲው፣ ሁሉም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዓቱ። እዚያ ያለው ባሕር በየቀኑ ይሸሽና ጭቃውን ትቶ ይሄዳል፤ ቆይቶ ይመለሳል። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ጀርመንኛ የሚያስፈልገው ስልክ ሁሉ የእኔ ሥራ ስለነበር ፓርኩ ጋ አስደወለችኝ። ጆሮዋን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ «ውሃው የሚመለሰው መቼ እንደሆነ ጠይቂያት። ጭቃ ልናይ አይደለም የምንመጣው በያት!» ትለኛለች። ሴትዮዋ ከቀትር በፊት ይሞላል አለችኝ። እናቴ ጣቶቿን አጥፋ አሰላችና «ፈጅር እንደሰገድን ውልቅ ነው። ባሕሩ አይጠብቀንም» አለች። ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ስትል ሰነበተች፤ ታናሽ ወንድሜ ሳይቀር እየተኮላተፈ ይደግመው ጀመር፤ ባሕሩ አይጠብቀንም።

አራት ነን፤ መኪናችን አምስት ሰው ትይዛለች። አባቴ ጁምዓ ሰግዶ ሲወጣ አንድ ገና ከአገር ቤት የመጣ ሰው አገኘ። ሰው አይቶ ማለፍ አይሆንለትምና «ነገ ከእኛ ጋር ባሕር እንሂድ» አለው። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ሰውየው ከበራችን ቆሞ ነበር። ሚስቱን ይዞ።

ስድስት ሆንን። አባቴ መኪናውን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ከዚያ ሰማዩን አየ። እናቴ ሻርፗን አስራ፣ ያንን ፌስታል ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«እኔ እቀራለሁ። እኔማ ያደግኩበት አይደል? እናንተ እዩት» አለች።

እንዲህ ሲባል ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። አንዴ ይለመናል፤ እምቢ ትላለች። ሁለተኛ ይለመናል፤ አንገቷን ትደፋለች። ሦስተኛ ላይ አንዱ ክንዷን ይዞ ሲጎትታት «እንግዲህ እንዲህ ካላችሁ» ብላ ትገባለች። ሌላው ደግሞ በክብር ይቀራል። እናቴ ያንን ቃል ስትናገር ሦስተኛውን ልመና እየጠበቀች እንደነበር እኔ ልጅቷ እንኳ አውቄዋለሁ።

እንግዳው «ኧረ ወላሂ አይሆንም! እርስዎ ይሂዱ፣ እኛ ሌላ ጊዜ» አለ። እናቴ እምቢ አለች። ሚስቱ «እኔ ልቅር፣ እርስዎ ይግቡ» አለች። እናቴ አንገቷን ደፋች። ይኸኔ አባቴ ሰዓቱን አየና እጁን አጨበጨበ።

«በሉ በሉ፣ ግቡ። ባሕሩ አይጠብቀንም!»

የራሷን ቃል! እዚያው በራሷ ቃል አስቀራት።

«እማ መሄድ ትፈልጋለች! ጫማ ሁሉ ገዝታለች!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ሳቀች። ፌስታሉን ከጀርባዋ ደበቀችና በሌላ እጇ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ማን አለሽ? ይቺ ልጅ ደግሞ!» እኔ ልቅርላት ብል «ዝም ብለሽ ግቢ» አለችኝ። ወንድሜ ከመኪናው ውስጥ «ኮምት ማማ ኒሽት ሚት?» ብሎ ጠየቀ፤ እማማ አብራን አትመጣም ወይ ማለቱ ነው። አባቴ ሞተሩን አስነሳ።

ፈጣን መንገዱ፣ አውቶባኑ ላይ እንደወጣን የእንግዳው ሚስት ፊቷ አመድ መሰለ። አንድ ማረፊያ ላይ ቆምንና ወርዳ አስመለሳት። ውሃ ይዤላት ከአጠገቧ ቆምኩ። አፏን ተጉመጥምጣ ስታበቃ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝና ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ እኮ መምጣት አልፈለግሁም፣ የኔ እናት። መኪና አይስማማኝም፤ ውሃም እፈራለሁ። ልቅር ያልኩት የእውነቴን ነበር። አጥብቄ እምቢ ብል ደግሞ እናትሽን ቅር ይላታል ብዬ ነው።»

ጠርሙሱን አስፋልቱ ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ። አንዷ መሄድ ፈልጋ እቀራለሁ ትላለች፤ ሌላዋ መቅረት ፈልጋ ትሄዳለች። ይሄን ነው እንግዲህ ጨዋነት የምንለው! እስካሁን ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ሲያሞግሱ ስሰማ ተነስቼ እወጣለሁ።

ደረስን። ባሕሩ ሞልቶ፣ ግራጫ ሆኖ፣ እናቴ ባለችው ሰዓት፣ ባለችው ቦታ ነበር። ወፎቹ ይንጫጫሉ። አየሩ በእውነት ጨው ጨው ይላል። አባቴና እንግዳው ሱሪያቸውን ሰብስበው እንደ ልጅ ይረጫጩ ነበር፤ ወንድሜ እስከ ወገቡ ገባ። የእንግዳው ሚስት መስኮቱን ዘግታ መኪና ውስጥ ቀረች። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ውሃውን ስረግመው ዋልኩ።

ማታ እናቴ በሩን ከፈተችልን። እራት ሠርታ ነበር። አባቴ «ልክ ባልሽው ሰዓት ነው የመጣው እኮ! ፕሮፌሰር ነሽ!» አላት፤ ማሞገሱ ነበር። እሷም ሳቀች።

የወንድሜን ሱሪ ግን አላጠበችውም። ሳይታጠብ ያደረ ሹራብ ዓይኗን የሚወጋት ሴት፣ ያንን ጭቃ የነካው ሱሪ በረንዳ ላይ ሰቅላ ተወችው። ስንጠይቃት «ሽታው ይውጣለት ብዬ ነው» አለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳ ላይ አገኘኋት፤ ሱሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን ቀብራበታለች። ኮቴዬን አልሰማችም። አባቴን ጠላሁት፤ እንግዶቹን ጠላኋቸው። ከሁሉም ይልቅ የተናደድኩት በእሷ ነበር፤ እፈልጋለሁ የምትል አንድ ቃል ከአፏ ስለማትወጣ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ሮደልሃይም፣ እኔ አጠገብ ነው የምትኖረው። ትናንት ጫማውን ወስጄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሐሙስ እንሄዳለን። አንቺና እኔ ብቻ» አልኳት።

«አይ ልጄ፣ አንቺ ሂጂ። ባሕር ብርቄ ነው?»

«እማ፣ እንሂድ።»

«ይሄን ጉልበት ይዤ? ሰው ላስቸግር?» ብላ አንገቷን ደፋች።

ያ ሁሉ ዓመት የከረመ ንዴት ተነሳብኝ። ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ተነስቼ ሄድኩና ክንዷን ያዝኩ፤ ቀጭን ሆኗል።

«እማዬ፣ ተነሽ እንሂድ።»

ጫማውን አነሳችና በሻርፗ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት። ጎንበስ ብላ ልታጠልቀው ሞከረች፤ እግሯ አባብጧልና ግማሽ ላይ ቆመ። ገፋ ገፋ አደረገችው፤ አልገባም። አውልቃ ጉልበቷ ላይ አኖረችውና፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ጠየቀችኝ፦

«ባሕሩ በስንት ሰዓት ነው የሚመለሰው?»