ማኅበር ያስገባሁት ኮምፒዩተር

ዛሬ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲማር ያደረውን ኮምፒዩተር አጠፋሁት። ስክሪኑ ጨልሞ ሳየው «ምስኪን፣ ረስተውህ አደሩ» ብዬ አዘንኩለት፤ ማጥፊያውን ተጫንኩ፣ በጋቢዬ ጫፍ አቧራውን ጠረግሁለት፣ መብራት ስለቆጠብኩም ራሴን አመሰገንኩ። የሌሊቱ ትምህርት ሳይቀመጥ ጠፋ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖም ሊያስብ እንደሚችል ገና ዛሬ ገባኝ።

የሚማረው ወባ መለየት ነው። አንዱ ኮምፒዩተር እኔ ጡረታዬን በምገፋበት በቢቸና ጤና ጣቢያ፣ ሌላው በሞጣ ነው። የታካሚው የደም ስላይድ ፎቶ ከጤና ጣቢያው ግቢ አይወጣም፤ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በራሱ ስላይዶች ይማርና የተማረውን ብቻ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። እዚያ ተቀላቅሎ ለሁለቱም ይመለሳል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለራሱ ቤት ያስተካክለዋል። የእኛ ማቅለሚያ ስላይዱን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ የሞጣው ወደ ቀይ ይወስደዋል፤ አንድ ዓይን ለሁለቱ አይበቃም።

እስከዚህ ድረስ መልካም። የአዲስ አበባው ባለሙያ ግን «ሁሉም ሳይልክ ማንም አይቀጥልም» የሚል ደንብ አወጣ። የሞጣ መብራት ሲሄድ ቢቸና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ የቢቸና ኔትወርክ ሲሞት ሞጣ ያዛጋል። ባለሙያዎቹ ለዚህች ጥበብ ሆቴል ተከራይተው፣ አበል ተቀብለው ተሰብስበዋል። እኔም፣ አስተባባሪ ተብዬው፣ አንገቴን እየነቀነቅሁ አጸደቅሁ። ማኅበር መሰለኛ! ማኅበርተኛው ሳይሟላ፣ ቄሱ ሳይባርኩ ዳቦ አይቆረስም፤ ኮምፒዩተሩንም እንደ ጨዋ ሰው አስጠበቅሁት።

ስልኬ ጮኸ። የሞጣዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት።

«ጋሼ፣ ከቢቸና የሚመጣውን ምን በላው?»

«አስተኛሁት።»

«ምን አሉኝ?»

«የደከመው መስሎኝ…»

«ከሰዓት የፕሮጀክቱ ገምጋሚዎች እኔ ጋ ናቸው እኮ! ላፕቶፔ የኔን ስላይድ ማንበብ ካልቻለ ይዘውት ነው የሚሄዱት። ወደ ዓባይ ቆላ ለሥራ ወርዶ የተመለሰው ሁሉ ደጄ ላይ ተሰልፏል። ላፕቶፑ የጠረጠረውን ስላይድ ብቻ እያየሁ ዓይኔን ላሳርፍ ነበር። እርስዎ ያስተኙልኛል?»

ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ። ባለሙያው «የሥልጠናው ዙር ከመጀመሪያው ይጀመር» አለኝ። ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ብጠይቀው «እሱ እንግዲህ ጥናት ይፈልጋል» አለ። ይህ ሰው ቤቱ ቢቃጠል ውኃ የሚያመጣ ኮሚቴ ያቋቁማል።

መልሱን ለሞጣዋ ነገርኳት።

«ይተዉት እሱን» አለች። «ተቀላቅሎ የሚመጣልን የጋራው ክፍል እስከ ትናንት ከሁለታችንም ተምሯል፤ ወባ ምን እንደሚመስል ያውቃል። እሱን እንቆልፈው። የኔን ማቅለሚያ የሚለምደውን የመጨረሻውን ቁራጭ ብቻ እዚሁ ላሠልጥን። ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ እርስዎንም አልጠብቅ።»

«እኛ ሳንደርስ ልትቀምሺ?»

«ጋሼ ይሙቱ፣ ድግስ አይደለም! የይለፍ ቃሉ እርስዎ ጋ ነው፤ ይፍቀዱልኝ።»

ፈቀድኩ። ድፍረት አይምሰላችሁ፤ ከአዲስ አበባው ሰው ይልቅ እሷን ስለፈራሁ ነው። ሙሉውን ለማሠልጠን ሌሊት የማይበቃው ላፕቶፕ ቁራጩን ከምሳ በፊት ጨረሰ። ለፈተና ለብቻ ያስቀመጠቻቸውን ስላይዶች ሰጠችው፤ እሷ ካነበበችው ጋር ገጠመ፣ አንድ የቀለም ቆሻሻ ወባ ነው ከማለቱ በቀር። ገምጋሚዎቹ መጡ፣ አጉረመረሙ፣ ላፕቶፑን ትተውላት ሄዱ።

አመሻሽ ላይ ወሬው የደረሰው የአዲስ አበባው ባለሙያ ደወለ። «የፍጥነት ስልታችን ሠራ!» አለኝ። ስልታችን! ሞጣን በካርታ ላይ አሳይ ቢሉት ባሕር ውስጥ የሚፈልግ ሰው! «ስልቱ የሷ ነው፤ የእኔና የአንተ መጠበቁ ነበር» አልኩት። በሪፖርት እጽፈዋለሁ ብሎ ዘጋው።

ለሷ ደውዬ «በምን ልካስሽ?» አልኳት። በልጅነቴ ቅኔ ቤት እንደነበርኩ ሰምታለች።

«አስተባባሪ ስለተባለ ሽማግሌ ጉባኤ ቃና ይቀኙልኝ፤ ሁለት ቤት ናት፣ አትከብድዎትም።»

እሺ አልኩ። ራሴን በአማርኛ መስደብ ለምጄዋለሁ፤ በግዕዝ ግን ቤቱ አልመታልኝም። እራቴን በልቼ ጨረስኩ፣ አንዷ ቤት እንኳ አልመጣችም። የሁለት ቤት ዕዳዬን እስካሁን አልከፈልኳትም።