ተዝካራቸው ላይ ተቀምጠው ያረሙኝ እማሆይ

ቅዳሜ ዕለት የእማሆይ የሺን የሕይወት ታሪክ በተዝካራቸው ላይ ቆሜ እያነበብኩ ነበር... እማሆይ የሺ ራሳቸው አቋረጡኝ።

አትደንግጡ፣ አልሞቱም። እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው። ልጅ ስለሌላቸው «እኔ ስሞት ማን ያወጣልኛል» ብለው የቁም ተዝካራቸውን ደገሱ። እኛ ጋይንት ይሄ ያለ ወግ ነው። ባለ ተዝካሩ ከእንግዳው ጋር በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተመርቆ ቤቱ ይገባል።

አዲሱ ነገር «የሕይወት ታሪኬ ይነበብልኝ» ማለታቸው ነው። ንፋስ መውጫ አንድ ቀብር ላይ ሲነበብ ሰምተው ወደውታል። እኔ እዚያው ከተማ ቢሮ ስለምሠራ «ይቺ ትጻፈው» ተባለ። እማሆይ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የባቡሩን ነገር እንዳትረሽው።»

እንዴት ብዬ እረሳለሁ... የዘመዱ ሁሉ ኩራት እሱ አይደል። ባቡር በማይታወቅበት አገር ባቡር የሚያቆም ሰው ነበረን። የእማሆይ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድሮ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው ሐዲድ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ጣቢያ አጠገብ የማቋረጫ ጠባቂ ነበሩ። ባቡር ሲመጣ መኪናውንም ግመሉንም ያስቆማሉ። ቀይ ባንዲራ ካወጡ ደግሞ ባቡሩ ራሱ ይቆማል። የባልየው ታናሽ ወንድም አያ ደምሴ ይህን ያላወሩለት ሰው በወረዳው ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

እና ምን አደረግኩ? የሟች ታሪክ የሚጠየቀው ከዘመድ ነው ብዬ... ባለታሪኳ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገብስ ሲለቅሙ ሰላም ብያቸው አልፌ፣ አያ ደምሴን ጠየቅሁ። አያ ደምሴም ሽቅብ ቁልቁል እየተንጎራደዱ አጻፉኝ።

ቅዳሜ ዳሱ ሞልቷል። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ተቀምጠዋል፣ ጠላው እየዞረ ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። «...ባለቤታቸው በባቡር ሥራ በጀግንነት ሲያገለግሉ፣ እማሆይ ደግሞ ከቤት ሆነው ወጥ እየሠሩ...»

«ቆይ እስኪ» አሉ እማሆይ። «ማን ነው ወጥ የሠራው?»

«እርስዎ...» አልኩ።

«እኔ ባንዲራ ይዤ ሐዲድ ላይ ቆሜ፣ ወጡን በየት በኩል ሠራሁት?»

አያ ደምሴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እማሆይ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉት።»

«ዛሬ ካልተናገርሁ መቼ ልናገር ነው? ስሞትማ እንደፈለጋችሁ ታነቡታላችሁ። ይህን ሁሉ ጠላ ያስጠመቅሁት ለምን መሰለህ?»

መሪጌታ ጽዋቸውን አስቀመጡ። «ሟች ታሪኩን ሲያርም ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። «ይቀጥሉ እማሆይ።»

እማሆይም ቀጠሉ። «የመጀመሪያው ቀን ባቡሩ ሲጮህ ባሌ ባንዲራውን ጥሎ ቤት ገባ። አልፈርድበትም፣ የጋይንት ገበሬ እንዲህ ያለ ነገር የት ያውቃል። አንስቼ ቆምሁ፣ ባቡሩ በደህና አለፈ። በማግስቱም እኔው። አገራችን እስክንገባ ድረስ እኔው። የቅጥሩ ስም የሱ፣ ካፖርቱ የሱ፣ ካፖርቱ ውስጥ እኔ።»

«ማንም አላወቀብዎትም?» አልኳቸው።

«የሚያውቅስ ያውቅ ነበር። ባቡሩ ካለፈለት ማን ምን ቸገረው። ደሞ እኔ ብቻ መሰልሁሽ? ቀጥሎ ባለው ማቋረጫ ላይም ካፖርቱ ውስጥ ሴት ነበረች። ፊቷን አንድ ቀን ሳላይ በባቡሩ ነጂ ሰላምታ እንላላክ ነበር። የእሷንስ ማን እንደሚጽፍላት እንጃ።»

እዚህ ላይ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የያዝኩትን ወረቀት የት እንደማስገባው ጠፋኝ።

አያ ደምሴ ግን እጅ አልሰጡም። ወደ እንግዳው ዞረው «እርጅና ነው፣ አትፍረዱባቸው» አሉ።

ይቺን ባይሉ ይሻላቸው ነበር።

«ደምሴ» አሉ እማሆይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጣቢያው ድረስ ልትጠይቀን መጥተህ አልነበር? እኔን ሐዲዱ ላይ ትተኸኝ ቤት ስትገባ፣ ወንድምህን ምን ሲያደርግ አገኘኸው?»

አያ ደምሴ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

«ካህናት ፊት ነህ» አሉ እማሆይ።

«...ሽንኩርት ሲከትፍ።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አፍነው ይንፈቀፈቃሉ፣ ወንዶቹ ጽዋ ጽዋቸውን ያያሉ። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን የተደበቀው የእማሆይ ሥራ አልነበረም። የተደበቀው ሽንኩርቱ ነው። እኛ አገር ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ታየ ከሚባል... ባቡሩን ለሟቹ ባል ሰጥተው ከሐሜት ገላገሉት።

መሪጌታ አላስቻላቸውም። «ወጡስ እንዴት ነበር?»

አያ ደምሴ በረጅሙ ተነፈሱ። «ይጣፍጥ ነበር የኔታ... ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ።»

እማሆይ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ባለሙያ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው» አሉ። «እሱንም ጻፊለት፣ አትዝለይው።»

እዚያው ቆሜ ሰርዤ ጻፍኩና እንደገና አነበብኩ። «እማሆይ የሺ በባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ጠባቂነት አገልግለዋል። ባለቤታቸውም ከቤት ሆነው፣ በሚጣፍጥ ወጥ ሲያግዟቸው ኖረዋል።» እልልታው ቀለጠ። አያ ደምሴም አጨበጨቡ፣ ዘግየት ብለው።

እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ደህና። እኔ ስሞት ይችኑ ታነቢያለሽ፣ ደምሴን እንዳትጠይቂ።»

እና እናንተም «የእንትና ሚስት» እያላችሁ የምታልፏቸው አያቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቋቸው... ሁሉም ተዝካራቸው ላይ ቁጭ ብለው አያርሟችሁም።