ሙሽራው የሌለበት የክረምት ሠርግ

ሠርጌ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነጋዴ ነኝና ዋጋውን ሳልጠራ ስለ ዕቃው ማውራት አይሆንልኝም። አንድ ሱቅ ከነመደርደሪያው፣ ከቡልቡላ የመጡ ሁለት በጎች፣ አንድ ጥቁር የሱፍ ካፖርት፣ የአጎቴ ጢም። የጢሙን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ። ሠርጉ ላይ እኔ ራሴ አልነበርኩም።

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ በዝናብ ነው። ኦሎምፒያ አጠገብ ብትን ጨርቅና ጫማ የምሸጥበት ሱቅ ነበረኝ። አንድ ቀን ጠዋት ብሄድ ቀበሌው አሽጎት በራፉ ላይ ወረቀት ለጥፏል፤ «ስግብግብ ነጋዴ» ይላል። ስግብግብ መሆኔን እናቴም ትናገር ነበር፤ የእሷ ግን ማኅተም የለውም። እንዲህ ያለ ወረቀት ሱቁ ላይ የተለጠፈበት ሰው ቀጥሎ የት እንደሚታሸግ እናንተም ታውቃላችሁ። ደግነቱ ከድሬዳዋ ዕቃ ለማምጣት ያወጣሁት የይለፍ ወረቀት ጊዜው አላለፈም ነበር። በዚያው ምሽት መገናኛ ወርጄ አጎቴ ሱቅ ገባሁ።

አጎቴ ጋሼ ሸምሱ ብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሁሉን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣

«ካፖርቱን አውልቅ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዝናቡን አያዩትም እንዴ?»

«ድሬዳዋ ካፖርት ለብሶ የሚሄድ ወይ እብድ ነው፣ ወይ የማይመለስ ነው። ፈታሽ ደግሞ ሁለቱንም ከባቡር ያወርዳል።»

አወለቅሁ። የቀረችው አንዲት ጥያቄ ነበረች። ዘይነባ ከሱቄ ፊት ለፊት የሚሰፉት የልብስ ሰፊው የአቶ ከድር ልጅ ናት። ሽማግሌ ልኬ እሺ ተብያለሁ፤ ሠርጉም ለጥር ተቀጥሯል።

«ዘይኔስ ጋሼ?»

«ወኪል አድርገኝና ሂድ። ኒካሑን እኔ አስርልሃለሁ።»

በእኛ ዘንድ ሙሽራው ባይኖር ወኪሉ በእሱ ቦታ ተቀምጦ «ተቀብያለሁ» ማለት ይችላል። ለውክልናው ምስክር ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰዓት ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሚስማር ሊገዙ የገቡ ሁለት ሰዎች ናቸው። እነሱ ፊት ቃሌን ሰጠሁ። አንደኛው «አላህ ያሳምርላችሁ» ብሎ እንባዬን እያየ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ወደ አጎቴ ዞሮ የሚስማሩን ዋጋ ይቀንሱልኝ አላቸው። ከሀገሬ የወጣሁት እንዲህ ተመርቄ ነው።

መንገዱን አላረዝምባችሁም፤ በዚያ ያለፋችሁ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ፣ ያላለፋችሁ ደግሞ ባታውቁት ይሻላል። ከድሬዳዋ ወዲያ ኮንትሮባንድ ከሚያመላልሱ ሴቶች ኋላ በእግሬ ተከተልኩ። መሪያችን እቴቴ ዘሀራ የምትባል ጠንካራ ሴት ናት። ድንበሩ ጋ ስንደርስ ነጠላ ጫማዬ ተበጠሰ። እሷ ዞር ብላ አይታ፣ «የጫማ ነጋዴ ነኝ አላልክም?» ብላ አለፈችኝ።

ጅቡቲ ስገባ ሰው የሚቀቅሉ መሰለኝ። ካምሲን የሚሉት ነፋስ አለ፤ የዳቦ ቤት ምድጃ በር ተከፍቶ ፊትህ ላይ እንደሚለቀቅ ያለ። ውኃው ጨው ጨው ይላል። ዳቦው ባገት ይባላል፣ እንደ ዱላ የረዘመ፤ ጠዋት ይበላል፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ይፈነከትበታል። የቦሌ ጭቃ፣ ያ ስንሳደብበት የምንውለው ጭቃ፣ በሕልሜ እየመጣ ይጠራኝ ጀመር።

ቤት ያከራየኝ ሐሰን ነው፤ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሲሠራ ያረጀ፣ አማርኛውን ከነስድቡ የሚያውቅ ሰውዬ። አልጋው ጣሪያ ላይ ነው።

«ክፍሉስ?» አልኩት።

«ክፍሉ የዕቃ ነው። በዚህ ወር ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ጠዋት አይነሳም።»

«ታዲያ ጣሪያ ከሌለው ኪራዩ ለምን አይቀንስም?»

«ኮከብ አለው።»

በሳምንቱ አንድ ፖሊስ መንገድ ላይ ያዘኝ። «ፓፒዬ!» አለ፣ ወረቀትህን ማለቱ ነው። ያለኝ የቀበሌዬ ይለፍ ብቻ ነው፤ አወጣሁለት። ሐሰን አጠገቤ ስለነበር ያስተረጉምልኛል።

«ምን የሚል ወረቀት ነው ይላል።»

«ድሬዳዋ ድረስ ይለፍ የሚል።»

«ይሄ ታዲያ ድሬዳዋ ነው ወይ ይላል።»

«አይደለም በለው። ትንሽ አልፌያታለሁ።»

ፖሊሱ ሳቀና ለቀቀኝ። በዚያ ከተማ ወረቀቴ ያገለገለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ፖስታ ቤት ተሰልፌ አጎቴ ሱቅ ደወልኩ። ድምፃቸው ደስ አላለኝም። ስልክ ላይ ሁሉ ነገር አይወራምና፣ «ለዚያ ዕቃ ሌላ ገዢ መጥቷል» አሉኝ። ገባኝ። ገዢው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ቤተሰቤ እዚያው ስለሆነ ስሙን አልጽፍም። ለአቶ ከድር መልእክት ልኳል፤ የአብዮት በዓል ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎቼ ይመጣሉ፣ ልጅቷን እንዳትሰጥ። በዚያ ዘመን ልብስ ሰፊ ለቀበሌ ሊቀመንበር እንዴት ብሎ እንቢ ይላል? «ታጭታለች» ቢል፣ እጮኛዋ እኔ፣ የታሸገው ስግብግብ። መዳኛው አንድ ብቻ ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ደጅ ሳይረግጡ ኒካሑ መታሰር አለበት። ማለት በክረምቱ፣ በድብቅ።

አቶ ከድር መጀመሪያ አሻፈረኝ አሉ። «በነሐሴ ማን ሲያገባ አይታችኋል? ሰው ልጄ አርግዛ ነው ይላል» ብለው አንድ ሳምንት ኮረፉ። ዘይነባ ናት የመለሰቻቸው። «አባዬ፣ ሰው የሚለውን ለአንድ ወር ይላል። ሊቀመንበሩ ግን ዕድሜ ልክ ነው» አለቻቸው አሉ።

እንግዲህ የራሴን ሠርግ ከጣሪያ ላይ ማሰናዳት ጀመርኩ። እዚህ ሸሚዝ ከጀርባ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል፣ እኔ አዲስ አበባ ብርድ ላይ ለሚቀመጥ እንግዳ ከሰል እቆጥባለሁ። ቴምርና ቀይ ሻሽ ገዝቼ በእቴቴ ዘሀራ ላክሁ። እሷ ቴምሩን ፈታሽ ፊት እየበላች አሳለፈችው፤ ግማሹ ደረሰ። በጎቹን አጎቴ ከቡልቡላ ገበሬዎች ገዝተው፣ ጭቃው መኪና ስለማያስገባ እየነዱ አመጧቸው። ዘይነባና ጓደኞቿ ከደብተር ወረቀት አበባ ሠሩ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀለም ነከሩትና በክር እየሰኩ በአባቷ ሳሎን ዙሪያውን ሰቀሉት። የሚያንጠባጥበው ጣሪያ ሥር ላስቲክ ተወጠረ። ከበሮ የለም፣ እልልታ የለም። እኔ ደግሞ ከዚህ ሆኜ «ላስቲኩ ነጭ ይሁን» እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል።

የቀረው ፈቃድ ነው፤ ያለ ቀበሌ ፈቃድ ሰው መሰብሰብ አይቻልም። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ዱዓ ነው በሏቸው» አልኩ። አጎቴ ሄዱ። ሊቀመንበሩ በልጃቸው ዕድሜ ሆኖ «አንተ» ነው የሚላቸው።

«የምን ዱዓ ነው ጓድ ሸምሱ?»

«ስለ ዝናቡ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«ዝናቡ ይኸው እየዘነበ!»

«እንዲያቆም ነው።»

«እንዲያቆም? ይሄ እኮ ፀረ ምርት ነው። ሰብሉስ?»

«እንግዲያውስ እንዲመጠን ብለን እንለምናለን።»

«እሱ ይሻላል» ብሎ ፈረመ።

የሠርጌ ዕለት ገላዬን ታጥቤ፣ ያለችኝን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ጣሪያው ላይ ቁጭ አልኩ። ሐሰን ውኃ ይዞ ወጣ።

«ማን ሞቶ ነው የለበስከው?»

«እያገባሁ ነው።»

«የት?»

«ቦሌ።»

ትንሽ አየኝና ውኃውን አናቴ ላይ አፈሰሰልኝ። ሙቀቱ ራሴ ላይ የወጣ መስሎት ነው። ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤት ሄድኩ፤ መስመር የለም አሉኝ። እስኪዘጋ ተቀመጥኩ፣ መስመር የለም። አግብቼ ይሁን ሳላገባ ሳላውቅ ተኛሁ።

በማግስቱ አጎቴ የነገሩኝን ነው የምጽፍላችሁ።

እንግዳው ሁሉ ተቀምጧል። አጎቴ እንደ ሙሽራ በመሃል፣ የእኔን ካፖርት ደርበው። ሸኹ ሊጀምሩ ሲሉ በር ተንኳኳ፤ ሊቀመንበሩ፣ ከነዝናቡ። ዱዓውን ሊቆጣጠር ይሁን፣ የበጉ ሽታ ጠርቶት ይሁን፣ ልጅቷን ሊያይ ይሁን እንጃ። ሰው ሁሉ ደረቀ። እሱ ቀና ብሎ የወረቀት አበባውን አየ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

«ለአብዮት በዓል ከአሁኑ መዘጋጀታችሁ የሚያስመሰግን ነው» አለ።

ቦታ ለቀቁለት። ዘይነባ ሻይ ይዛ ወጣች። እጇ እስከ ክንዷ ሂና ተደርጎበታል፣ የሙሽራ ሂና። ግን ራሷ የሠራችው ነጭ የሹራብ ጓንት አጥልቃለች፤ ይህ ቀን ቢመጣ ብላ ሁለት ሳምንት ስትሠራው የከረመችው።

«ቤት ውስጥ ጓንት?» አላት።

«ብርዱ አይቻልም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እውነትሽን ነው» ብሎ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ።

ሸኹ ምን ያድርጉ? ጀመሩ። ኒካሑ በአረብኛ ነው፤ ለሊቀመንበሩ ሁሉም ዱዓ ነው። የአቶ ከድርንና የአጎቴን ቀኝ እጅ አያያዙ፤ አባት ሰጠሁ አሉ፣ አጎቴ ስለ እኔ ተቀበልኩ አሉ። ሸኹ ሲመርቁ ከሁሉ በላይ «አሜን» ያለው ሊቀመንበሩ ነው። ሁለት ሳህን በልቶ፣ ለቤቱም አስቋጥሮ ሄደ።

እኔ ፖስታ ቤት ሆኜ ይህን ስሰማ ከሳቄ ብዛት ሠራተኛው መስተዋቱን ደበደበብኝ። ከዚያ ዘይነባን አቀረቡልኝ። «አንተ» አለችኝ፣ ሌላ ጊዜ በስሜ ነበር የምትጠራኝ፤ «እንኳን ደስ ያለህ። ካፖርትህ በግ በግ ይሸታል።» ያን ቀን በዓለም ላይ ከእኔ የበለጠ ብልጥ ነጋዴ ያለ አልመሰለኝም።

በዓሉ አልፎ በመስከረም ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ ከድር እንደተመከረው፣ «ልጄ ባል አላት» አሉ። በነጋታው ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ።

«መቼ አገባች?»

«በነሐሴ።»

«የት?»

«እዚሁ ሳሎን። እርስዎም ነበሩ፤ አሜን ብለዋል።»

የሚያስፈራው ያልጮኸው ጩኸት ነው። በቀስታ፣ «እኔ የበላሁት የዱዓ ነው» አለ። «የፈረምኩትም ለዱዓ ነው። እዚህ ቤት ሠርግ እንዳልነበረ ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም።»

እውነቱን ነው። ብልጠቴ እንከን አልነበረባትም። ሠርጉን እሱ እንዳያውቀው ደብቀን ደብቀን፣ ለሚያስፈልገን ቀን እኛም የምናሳየው ጠፋ። በሀገሩ ወረቀት ዘይነባ ያላገባች ልጅ ናት። አጎቴን «በሐሰት ፈቃድ ጠይቀሃል» ብሎ ወስዶ አሰራቸው፤ ሲለቃቸው ጢማቸው ተላጭቶ ነበር። እናቴ በር ከፍታ ማን ልበል አለቻቸው። እሳቸው ስልክ ላይ እየሳቁ ነው የነገሩኝ። እኔ አልሳቅሁም።

አቶ ከድር ግን አልተበገሩም፤ ልጃቸውን አልሰጡትም፣ እሱም በግድ አልወሰደም። የያዘው ሌላ ነገር ነው። ዘይነባ ወደ እኔ ለመምጣት ድሬዳዋ መድረስ አለባት፣ ድሬዳዋ ለመድረስ ይለፍ፣ ይለፉ ላይ የሱ ፊርማ። ራሷ ቀበሌ ሄዳ ወንበሩ ፊት ቆማ ጠየቀችው።

«ባለትዳር ነኝ ካልሽ» አላት፣ «ባልሽ መጥቶ ይውሰድሽ። ለሁለታችሁም በደስታ እፈርማለሁ።»

ይኸው ክረምቱ ዞሮ መጣ። ባለፈው ዓርብ ደወልኩ። አጎቴ ሱቅ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ በስልኩ ይሰማል፤ እሷን ትቼ እሱን ስሰማ ቆየሁ መሰለኝ፣

«አለህ?» አለችኝ።

«አለሁ።»

«እዚያስ ይዘንባል?»

«አይዘንብም።»

«ጓንቴን ፈትቼ ልሠራልህ ነበር፣ የወንድ። ከዚያ ሙቀቱ ትዝ አለኝ።»

«ሥሪው» አልኳት። «ሥሪው ግድ የለም።»

መስመሩ ተቆረጠ። ሠራተኛው ቀጣዩን ጠራ።

ቀሪ ሂሳብ፦ ሚስት አንድ፣ ቦሌ። ባል አንድ፣ ጅቡቲ። የአጎቴ ጢም በቅሏል። ካፖርቱ እሷ ጋ ነው።